እሳቸው ወይስ እነሱ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ግድግዳው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከሥር ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ማሽኖች ሥራ ጀምረው አልጋውን ከነፍራሹ እያንቀጠቀጡት ነው፤ ዕጩው ግን ገና ሊተኛ እየሞከረ ነው። ትናንት ሞክሯል፣ ከትናንት ወዲያም ሞክሯል። ዕጩ ነው የሚሉት፣ ዕጩ ዶክተር፣ በማኔጅመንት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ዕጩ። እናቱ ቤት ግን ገና አውሮፕላን የተሳፈረ ዕለት ነው ዶክተር የሆነው፣ አጎቱ "ዶክተሬ" ማለት የጀመረው እዚያው መሸኛው በር ላይ ነው፣ ስለዚህ ገና ዕጩ መሆኑን የሚያውቁት እሱና የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ብቻ ናቸው። ደረቱ ላይ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ በአረንጓዴ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ "እዚህ ጋ 'እሳቸው' ነው ወይስ 'እነሱ'? ድምፁ ላይ አይለይም።" ይኸው ነው፣ አንዲት መስመር። አንዲት መስመር ሰውን ሦስት ቀን እንቅልፍ ትነሳለች ወይ የሚል ካለ፣ መስመሯ የምትነካው ማንን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው። የምትነካው ሥራ አስኪያጁን ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ የተጠላ ሰው በአንዲት መስመር ሾልኮ እንዲያመልጥ ዕጩው በሕይወቱ አይፈቅድም።

ሥራ አስኪያጁን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ግቢው ውስጥ ከጀርባው "ማኅተም" ነበር የሚባለው፣ የድርጅቱን ማኅተም በኮት ኪሱ ይዞ ስለሚዞር፤ ፊት ለፊት ግን እሳቸው፣ ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ። ዕጩው በልቡ አንቱታውን ከገፈፈው ቆይቷል። አባቱ የዚያ የትራንስፖርት ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፣ ያለ ደረሰኝ አንዲት ብሎን የማያወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ የማያውቅ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚተኛ ሰው። ዕጩው አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ሳለ ግምገማ የሚሉት ነገር መጣ፤ አባቱን ከግምጃ ቤቱ አንስቶ የዚያው ግቢ በር ላይ አቆመው፣ ዘበኛ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ "ሠራተኛው የማኔጅመንት ብቃት ይጎድለዋል፤ ንብረትም ሆነ ሰው ማስተዳደር አይችልም።" እናቱ ደብዳቤውን አልቀደደችውም፣ አላቃጠለችውም፣ መስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቀለችው፣ ሌላው ሰው የሠርጉን ፎቶ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ። ዕጩው ምሳውን በልቶ ያደገው፣ የቤት ሥራውን የሠራው፣ ከሥሩ ተቀምጦ ነው። ይጎድለዋል! ይጎድላቸዋል እንኳ አይደለም። ለሃያ ዓመት ሠራተኛ መሥሪያ ቤት አንቱ ብሎ ነው የሚጽፈው፤ ማኅተም ግን ሰውየውን ከወንበሩ ሲያነሳው አንቱታውንም አብሮ አነሳበት። በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ብቻ ዕጩው በመመረቂያ ጥናቱ ምዕራፍ አምስት ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል፣ "የአለቃ ንቀት በቋንቋ ሲገለጥ" የሚል ንዑስ ርዕስ ሰጥቶ፣ አማካሪው ሳትቀር ያደነቀችውን።

እና አባቱ በሩን ይከፍታል። በየጠዋቱ የማኅተም መኪና ስትመጣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ያን ቀይና ነጭ ግንድ ወደ ላይ ይገፋና ጎንበስ ይላል። ዕጩው በዚያ በኩል ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር እያለፈ አባቱ ከበሩ ላይ እጁን ያነሳለታል፤ እሱ ደግሞ ያላየ መስሎ የጫማውን ክር ሊያስር ቁጢጥ ይላል፣ ክሩ ግን ታስሯል፤ ፈታውና እንደገና አሰረው፣ ቀና ሲል አባቱ እጁን አውርዷል። ማታ ቤት ሲገናኙ አንዱም አላነሳውም። አባቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ያ እጅ ግን እስካሁን ሲወርድ ይታየዋል፣ ይህንንም ጭምር የጻፈው በማኅተም ሒሳብ ነው፤ ሌላ ማን ላይ ይጻፈው? እናም ማትሪክ ሲያልፍ ምን ትማራለህ ሲሉት ማኔጅመንት አለ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማኔጅመንት አለ፣ ወደዚህ ሲመጣም ማኔጅመንት። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ልጁ ማኔጅመንት ወዶ ነው ይላል። ወዶስ ነበር። ጥርሱን ነክሶ ነበር የወደደው፣ ማን ምን እንደሚጎድለው እንተያያለን ብሎ።

የሚያጠናው ያንን ድርጅት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባል አለ፣ ስም መጥራት ክልክል ነው አለው፤ ስለዚህ ድርጅቱ "ድርጅት ሀ" ሆነ፣ ማኅተም "ሥራ አስኪያጅ መ" ሆነ፣ ያነጋገራቸው ጡረተኞች ከተሳታፊ አንድ እስከ ተሳታፊ ሃያ ሦስት ሆኑ። ይሁን። ያቺን ከተማ የሚያውቅ ሰው "መ" ማን እንደሆነ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቃል። ዕጩው ዕቅድ አለው፦ መጽሐፉ ይጠረዛል፣ ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ ጫፉ ይታጠፋል፣ በአደራ ደብዳቤ ለማኅተም ይላካል፣ ማኅተም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕጩው ስንት ጊዜ እንዳሰበው እግዜር ይቁጠረው፤ አንዳንዴ ማኅተም ያለቅሳል፣ አንዳንዴ መነሳት ያቅተዋል፣ አንዳንዴ ዕጩው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቅለታል።

ሁሉም ነገር የቆመው በተሳታፊ አራት ቃል ላይ ነው። ተሳታፊ አራት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናቸው፣ እያንዳንዱ ፋይል በእጃቸው ያለፈ። በስልክ ቀድቷቸዋል፦ "በዚያች ሳምንት ጻፉበት፣ አስፈረሙት፣ በር ላይ አቆሙት፣ ይኸው ነው ልጄ።" ዕጩው ወደዚህ አገር ቋንቋ ሲመልሰው "እሱ ጻፈበት፣ እሱ አስፈረመው" አለ። በዚህ አገር ቋንቋ አንድ አንድ ነው፣ ብዙ ብዙ ነው፣ መምረጥ ግድ ነው፤ መረጠ። ማን ሌላ ሊሆን ነው? ኮሚቴው ግን ሌላም ሕግ አለው፣ ከቃለ መጠይቁ ጥቂቱን ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያመሳክር ይላል፣ ለዚህ ያገኛት ነርስ ናት፣ ያገር ልጅ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ አውቶቡስ ላይ እያዳመጠች ያረመችለት። ሌላውን ሁሉ ደህና ነው አለች። እዚህች ጋ ደርሳ አረንጓዴ እስክሪብቶዋን መዘዘች። "ወንድሜ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ብቻ 'ጻፉበት' ካሉ አንድ ሰውም ሊሆን ይችላል፣ አሥር ሰውም ሊሆን ይችላል። አንተ እንዴት አወቅህ?" አላት፣ "አውቃለሁ።" "እንግዲያው ለምን ጠየቅሃቸው?" አለችው። ይህቺ ልጅ ዶክትሬት የላትም፤ ባይኖራትም ግድ የላትም።

ረቡዕ ዕለት አማካሪዋ ቢሮ ተቀምጦ በእኛ ቋንቋ የተከበረ ሰው እንደ ብዙ ሰው ነው የሚነገርለት ብሎ ሲያስረዳ፣ አማካሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ ሳቀች፣ "ታዲያ የተከበረው ሰው ጥፋት ሲያጠፋ ስንት ሰው ነው የሚጠየቀው?" አለች። እሱም ሳቀ፣ ሳይወድ። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ "ምዕራፍ በግምት አይቆምም፣ ደውለህ አጣራ፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ሲስተሙ ይዘጋል" አለችው። ሲስተሙ ሲዘጋ የሚለመን ሰው የለውም፣ አዝኖ የሚያሳልፍ ዘበኛ የለም፣ ጸሐፊ የለችም፣ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሦስት ቀን ያልደወለው ስልክ ቁጥሩ ጠፍቶበት አይደለም። ሴትዮዋ "እሳቸው" እንደሚሉ እርግጠኛ ነው፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ደግሞ ይደውላል፣ ታዲያ ለምን አልደወለም?

ደወለ።

"ማነው?"

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ውይ ልጄ! ከሳህ መሰለኝ።"

"ድምፄን ነው እኮ የሚሰሙት።"

"ድምፅም ይከሳል። እሺ ምን ልታዘዝ?"

"ስለ አባቴ የነገሩኝ ላይ አንዲት ቃል ላጣራ ነው። 'ጻፉበት' ብለውኛል። እሳቸው ናቸው አይደል የጻፉት? ሥራ አስኪያጁ?"

"እሳቸውማ ምን በወጣቸው!" አሉ ሴትዮዋ፣ ሳያስቡ፣ እንደ ዋዛ። "እሳቸው እንኳ 'ሰውየው ቤተሰብ አላቸው፣ ቃሉ ከብዷል፣ አለስልሳችሁ አምጡት' ብለው ፋይሉን መልሰውት እኔ ጋ ሁለት ቀን ተኝቶ ነበር። እነሱ ናቸው እንጂ፣ ኮሚቴዎቹ። አንዲት ፊደል ሳያነሱ መልሰው አስገቡት። የእሳቸው ሥራ ማኅተም መምታት ነው፣ መቱት።"

ዕጩው ፍራሹ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ማሽኖቹ ከሥር ይዞራሉ። "ኮሚቴዎቹ እነማን ነበሩ እትዬ?"

"አታውቅም እንዴ?"

"አላውቅም።"

"ይሄ ነገር እየተቀዳ ነው?"

"አይደለም።"

"ሁለቱ አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን..." ስልኩን ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላ ሲያዛውሩ ይሰማል። "ልጄ፣ እኔ የምታውቅ መስሎኝ ነው እኮ። ስሙን ላለማንሳት ብዬ ነው በድፍኑ 'ጻፉበት' ብዬ ያለፍኩት። አጎትህ ነበር። የእናትህ ወንድም። ጽሕፈቱ ስለሚያምር የሁሉንም እሱ ነው የሚጽፈው። የሌላውን የነገሩትን ጻፈ፤ የአባትህን ግን ማንም አልነገረውም፣ ቃሉም የራሱ ነው። አባትህ ያለ ደረሰኝ ጎማ አላወጣም ብለው ሰው ፊት መልሰውት አልነበር? ከዚያ ወዲያ ነው።"

አመሰገናቸው። እንዴት እንዳመሰገናቸው አያስታውስም፣ ምናልባት ለኮሚቴው በሚጽፍበት ቋንቋ፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ብሎ ይሆናል። አሁን ክፍሉ መካከል ቆሟል፣ ካልሲ በአንድ እግሩ ብቻ። አጎቱ። ተሳታፊ ሰባት። "ያ ሰውዬ ቤታችንን አፈረሰ፣ አባትህን በቁሙ ቀበረው" ብሎ ስልኩ ላይ ያለቀሰው የዚያው ድርጅት ጡረተኛ፣ ተሳታፊ ሰባት፣ እና እሱ፣ ዕጩው፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ "አይዞህ ጋሼ" እያለ ያባበለው፣ ለቅሶውንም ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ በቅንፍ "ተሳታፊው እዚህ ላይ አለቀሰ" ብሎ የመዘገበው። ወባ ሲይዘው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው ያ ጀርባ። የፈተና ውጤቱን ሊያይለት ጠዋት ተነስቶ በዝናብ የሄደው። አባቱ ሲቀበር ከአፈሩ ዳር አልንቀሳቀስም ያለው፣ ሰው ጎትቶ ያነሳው፣ ያኔ ዕጩው እንዴት ያለ ፍቅር ነው ብሎ ነበር። የቱን ነበር ሲያለቅስ የነበረው? ሃያ ሁለት ዓመት ዕጩው ማኅተምን ሲረግም "አሜን" የሚለው አጎቱ ነበር፣ አሜኑም የሞቀ ነበር፤ እሳቱን የሚቆሰቁሰው ሰው ማገዶውን የት እንዳገኘ የሚጠይቀው አልነበረም። ማኅተም፣ ያ የበረንዳው ሽማግሌ፣ "አለስልሳችሁ አምጡት" ያለ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ዕጩው በማኅተም ተናደደ። ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ በመጠላቱ ተናደደበት።

እናቱ ስልክ ላይ ሲደውል ያነሳው አጎቱ ነው።

"ዶክተሬ! እንዴት ነው ብርዱ? በላህ?"

"በላሁ ጋሼ።"

"ውሸታም። ድምፅህ ጾሙን ነው።"

"ጋሼ፣ የት ተቀምጠህ ነው?"

"ምን ጥያቄ ነው? ምሳ ላይ ነኛ፣ እዚያችው ቦታዬ ላይ። እኅቴ ሌላ ወንበር ላይ መቼ ታስቀምጠኛለች?"

ያቺን ወንበር ያውቃታል፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ናት። ልጅ ሆኖ እዚያ ሲቀመጥ እናቱ "ተነስ፣ የጋሼ ቦታ ነው" ትለው ነበር፣ ክብር መስሎት ይነሳ ነበር። "እማዬን አቅርብልኝ" አለ። ድምፁ ደህና ወጣ።

እናቱ ስልኩን ተቀብላ "ምነው ልጄ?" ስትል፣ "ውጪ ውጪ" አላት፤ ነጠላ ጫማዋ ሲንሿሿ፣ በር ሲዘጋ፣ ዶሮ ሲያስካካ ሰማ።

"የአባዬን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈው?"

ዶሮዋን እሽ ብላ አባረረች።

"መዝገብ ቤቷ ነገረችህ?"

"ታውቂያለሽ ማለት ነው።"

"ደብዳቤው ቤት የገባ ዕለት ነው ያወቅኩት።"

"እንዴት አወቅሽ? ማን ነገረሽ?"

"የተማርከው አንተ ነህ ወይስ እኔ? አንብበው እስቲ።"

"የማኔጅመንት ብቃት ይጎድለዋል..."

"በቃ። ይጎድለዋል። በዚያ ግቢ አባትህን አንተ የሚል ማን ነበር? ሾፌሩ አንቱ፣ መካኒኩ አንቱ፣ ያ የምትረግመው ሰውዬ እንኳ በር ላይ ካቆመው በኋላ 'እንደምን አደሩ' ብሎት ነው የሚገባው። አንተ የሚለው አንድ ሰው ነው፣ የእናቴ ልጅ። ቤታችን እንደሚጠራው አድርጎ ጻፈው፤ እጁ ለምዶ አንቱታውን ረሳው።"

አሥራ አንድ ገጽ። ዕጩው አሥራ አንዱን ገጽ በቃሉ ያውቀዋል፣ የጠቀሳቸውን ምሁራን ከነዓመታቸው ያውቃል፣ እናቱ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ በአንድ ንባብ ጨርሳዋለች። "ለምን ዝም አልሽ? ለምን ማኅተምን ስረግም ዝም አልሽ?"

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ድንጋይ ይዘህ ትወጣ ነበር፣ በነጋታው እሱ ይታረቀናል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ እግሬ ላይ ይወድቃል፣ ያልቃል። ቂም ያልተማረ ሰው እጅ ሲገባ ባክኖ ይቀራል ልጄ። እኔ አላባከንኩትም። ደብዳቤውን ሰቀልኩና ፊት ለፊቱ ምሳ አቀረብኩለት። 'ልጁ ታሟል' እለዋለሁ፣ ያዝልሃል። 'ልጁ ትምህርት ቤት ሩቅ ሆነበት' እለዋለሁ፣ ያደርስሃል። አንድ ቀን ደከመኝ ብሎኝ አያውቅም። ደከመኝ ሊል ቀና ሲል መስታወቱ አለ።"

"እንደምታውቂ ያውቃል?"

"እሱን እሱ ይወቀው። እኔ ነግሬው አላውቅም።"

ዕጩው መስኮቱ ጋ ሄደ። ታች ሰዎች በከረጢት ልብስ ይዘው ይገባሉ፣ በከረጢት ይዘው ይወጣሉ። ሰውን ያለ ትእዛዝ ስለ ማስተዳደር አምስት ዓመት አንብቧል፣ ምዕራፍ ሁለት በሙሉ ስለዚያ ነው፣ ሰንጠረዥ አለው፣ ቀስት አለው፤ እናቱ ያንን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሳሎን ውስጥ ስትሠራው እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሹሮውን ይበላ ነበር። ማኔጅመንት ይጎድለዋል የተባለው ቤት ይህ ነው። እና እሱ ራሱ፣ ዕጩው፣ ምን ነበር? የሚመኘውን በቀል ይዞ የመጣ መስሎት ነበር፤ ለካ ተልኮ ነው የመጣው። እንዲማር የተፈለገው ለዚህ ነው፣ ደረጃ በደረጃ፣ ክፍል በክፍል፣ እናቱ ራሱን አጎቱን ተሸካሚ አድርጋ እዚህ ያደረሰችው። መናደድ ፈለገ፣ በማን እንደሚናደድ ጠፋው፣ ወዲያው ግን አገኘው፣ ቁጣው የትም አልሄደም ነበር፣ ቤት ነው የቀየረው።

"ጻፈው" አለች እናቱ። "ሳትቀንስ ጻፈው። ከዚያ ወደ እኛ ቋንቋ መልሰህ ላክልኝ። የምርቃትህ ዕለት ጎረቤቱን፣ የድርጅቱን ጡረተኛ ሁሉ፣ መዝገብ ቤቷንም እጠራለሁ። የሚያነብላቸውም አጎትህ ነው፤ ንባብ ያምርበታል።"

ከተሳታፊዎቹ ማንም እንዳይጎዳ ብሎ ዕጩው ሦስት ቦታ ፈርሟል። እናቱ ግን ምንም አልፈረመችም።

"እማዬ፣ ሽማግሌ ሆኗል እኮ።"

"አባትህም ሽማግሌ መሆን አምሮት ነበር።"

አዘነለት ወይ? አዘነለት፤ ያን ጀርባ ያስታውሳል፣ የላቡን ሽታ ሳይቀር ያስታውሳል። ተወው ወይ? አልተወውም። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ገጽ መቶ አርባ ሁለት፣ "እሱ ጻፈበት" የሚለውን አጠፋና "ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈበት" ብሎ ተካው፣ ቀጥሎ አሥራ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ቀለም አድርጎ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ጠፉ፤ በነጩ ገጽ ላይ አዲሱን ንዑስ ርዕስ መጻፍ ጀመረ፣ እንቅልፉም የት እንደገባ እንጃ። ስልኩ ውስጥ በር ተከፈተ፣ ዶሮዋ እንደገና አስካካች፣ የአጎቱ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ዶክተሬ ምን አለሽ? ሥራው አለቀለት?"

"እያለቀለት ነው" አለችው እናቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ። "አንተ ብቻ መነጽርህን አሠራ።"